ዓይን ያልነበራት ወፍ

ይህን የምጽፈው እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ አደባባዩ ላይ፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የሆነውን ሁሉ ለማየት ከወንበሬ መነሳት እንኳ አላስፈለገኝም። የአገራችንን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ሐይቅ እንዳላት ካወቀ ይበቃዋል። የምተርከው ስለ ሠዓሊዋ ስለ የሺሀረግ ነው። ከነገረችኝ ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩምም። አጻጻፌ ላይ ችኮላ ካያችሁ ይቅር በሉኝ። ያቺን የእሽቅድድም ቀን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ ፈትቼ የያዝኩት ሰዓት ካለም ብሎኑ ይበተናል።

ቴሌቪዥናችን የሕዝብ ነው፣ ካሜራውም አንድ ነው። እሱም ሐይቁ ዳር ካለው ማማ አናት ላይ ተተክሏል። ዜና አንባቢዋ ማማውን ወጥታ ካሜራው ፊት ትቆማለች፣ ከኋላዋ ሐይቁ ይታያል። ሹም መግለጫ መስጠት ሲፈልግ እሱም እያለከለከ ይወጣል። ፕሮግራም በሌለበት ሰዓት ሐይቁ ብቻውን ይተላለፋል። ሰው ይህን ይወደዋል፤ ምሳውን እየበላ ሐይቁን ያያል።

መጀመሪያ ላይ ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ የሚሳል ምልክት የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ ግን ከተራራው ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን የቴሌቪዥናችንን ሥዕል ከአየር ላይ እየጠለፉ፣ በራሳቸው ቴሌቪዥን «ሐይቃችን» እያሉ ማሳየት ጀመሩ። እነሱ ሐይቅ የላቸውም። ይህ ሲሰማ የመጀመሪያው የሥዕል አለቃ ተቆጡ። የሥዕል አለቃ የምንለው ቴሌቪዥኑን የሚመራውን ሰው ነው። አለቃው የሱቅ ታፔላ ትጽፍ የነበረችውን የሺሀረግን አስጠሩና ካሜራው ፊት መስታወት አስቆሙ። መስታወቱ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ፣ አንዲት የሐይቅ ወፍ እንድትስል አዘዟት። ከዚያ በኋላ የጠለፈ ሁሉ ከነወፏ ይጠልፋል ማለት ነው። የሺሀረግ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሳለቻት ወፍ የአውራ ጣት ጥፍር ታክል ነበር፤ የብሩሹ ጫፍ ከወፏ ጭንቅላት ስለሚበልጥ ዓይን አልሳለችላትም።

«ዓይኗስ?» አሉ አለቃው።

«ስታድግ» አለች የሺሀረግ። ለቀልድ ነበር።

ወፏ ታድጋለች ብሎ ማን ያስባል? ግን አደገች። ሁለተኛው አለቃ ሲሾሙ አዲስ መሐላ ወጣ፦ ከእኔ በፊት የተሳለውን አልፍቅም፣ የራሴን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሁለተኛው በዚህ መሠረት ከወፏ ጀርባ ፀሐይ አስጨመሩ። ፀሐይዋ ወፏን አሳነሰቻት ተባለና ወፏም ተለቀች። ሦስተኛው ሐይቁ ላይ ድልድይ ሊሠሩ ስለነበር ድልድይ አስጨመሩ። ድልድዩ አልተሠራም፤ መስታወቱ ላይ ግን አለ። ከዚያ የስንዴ ዛላ መጣ፣ ከስንዴው በኋላ «ሃያ ዓመት» የሚል ጥብጣብ። አሁን ሃያ ሰባት ዓመት አልፎናል፣ ጥብጣቡ ሃያ እንዳለ ነው። ስድስተኛው አለቃ አጎታቸው ሲሞቱባቸው ለአርባ ቀን ብቻ ብለው ጥቁር ጥብጣብ አስደረጉ። አርባው ቀን አለፈ፣ መፋቅ ስለማይቻል ጥብጣቡ ቀረ። እያንዳንዱ በተጨመረ ቁጥር ወፏ እንዳታንስ ትልቅ እየተደረገች፣ ከሥዕሉ ሦስት አራተኛውን ያዘች። ዜና አንባቢዋ መጀመሪያ ቆማ ታነብ ነበር፣ በኋላ ተቀመጠች፣ በኋላ ተንበረከከች። አሁን ከግራ ከታች ጥግ የሚታየው ግራ ትከሻዋና አፏ ነው። ሕዝቡ ግን ለመደው። ትምህርት ቤት ሐይቅ ሳሉ የተባሉ ልጆች ወፍ ይስላሉ፣ አስተማሪውም ያርምላቸዋል።

አሁን ወደ እሽቅድድሙ ልምጣ፤ እስካሁንም የታገሥኩት ነገሩ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

በየዓመቱ አምስቱ ሰፈሮች አንድ አንድ ቀዛፊ ያወጣሉ። ከዳር ተነስቶ መሃል ሐይቁ ላይ ካለው ደሴት ቀይ ድንጋይ ቀድሞ የነካ ያሸንፋል። የአሸናፊው ሰፈር ለአንድ ዓመት ሰውን በታንኳ ወደ ማዶ ገበያ የማሻገር መብት ያገኛል። ለሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራ ነው። ድሮ ሰው ሁሉ በታንኳ ሄዶ ደሴቱ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ሁሉም አደባባይ ቀረ። ዳኛ ላቀውም ውሃ ላይ ስለሚያጥወለውላቸው ወንበራቸውን ሱቄ በር ላይ አድርገው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሆነው መዳኘት ጀመሩ። በሦስተኛው አለቃ ጊዜ ድልድዩ ሲሳልና ወፏ ስትተልቅ ደሴቱ ተሸፈነ። ዳኛ ላቀው አሰቡበትና ያልታየ ነገር አይዳኝም የሚል ደንብ አወጡ። ስለዚህ አሸናፊው ምልክቱ ሥር ቀድሞ የገባ ሆነ። ምልክቱ በሰፋ ቁጥር ውድድሩ አጠረ። በስድስተኛው አለቃ ጊዜ ከመነሻው ብዙም ሳይርቁ ያልቅ ነበር።

የሺሀረግ ታናሽ እህት አላት፣ ትርንጎ የምትባል። የታችኛው ሰፈር ቀዛፊ ናት። ትርንጎ ሲነሱ ዝግ ትላለች፣ ክንዷ የሚሞቀው መሃል ሐይቅ ከደረሰች በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት። ምልክቱ ሥር ስትገባ አራተኛ ወይም አምስተኛ ናት፣ የዳኛው ባንዲራ ለሌላ ተነስቷል፣ ሰው ወደ ምሳው ሄዷል። እሷ ግን ስትመለስ «ድንጋዩን ቀድሜ የነካሁት እኔ ነኝ» ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለች። የምልክቱ ሥር ጀግና የሚል ስም አወጡላት። የታችኛው ሰፈር ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማሻገር ስለተከለከሉ መጀመሪያ አዘኑላት፣ በኋላ ተናደዱባት። ከሳቁባት መሃል እኔም ነበርኩ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ከውድድሩ እንደተመለሰች፣ ልብሷ ሳይደርቅ እህቷ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ ጡጫ የሚያክል ቀይ ድንጋይ አስቀመጠች።

«ከደሴቱ ነው የፈነቀልኩት» አለች። «ለዳኛ ላቀው ባሳያቸው፣ ቀይ ድንጋይ ሌላም ቦታ አለ አሉኝ።»

«አለ እኮ» አለች የሺሀረግ፣ ሳታስበው አምልጧት።

ትርንጎ የጸጉሯን ውሃ መጭመቅ አቆመች።

«አንቺም አታምኚኝም አይደል፣ እትዬ?»

የሺሀረግ መዋሸት አትችልበትም። «ባምንሽ ደስ ይለኛል» አለች።

«የሚጋርደኝ ያንቺ ሥዕል ነው።»

«አውቃለሁ። ብፍቀው ግን ያስሩኛል።»

«ፍቂ አላልኩሽም» አለች ትርንጎ። ቀኝ ትከሻዋን ይዛ ተቀመጠች። «ወጌሻው አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶሻል ብሎኛል፣ ከዚያ በኋላ ይህ ክንድ መቅዘፊያ አያነሳም። አንድ ጊዜ ይዩኝ ነው የምለው። ውሸታም ተብዬ እንዳልቀር።»

የሺሀረግ ድንጋዩን አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩሽ ባነሳች ቁጥር ያ ድንጋይ ፊቷ ነበር። የሚያስፈራት ግን እስር ብቻ አልነበረም። ደሴቱ ቢታይና ትርንጎ የለችበት ብትሆንስ? ያኔ አገር ሁሉ እያየ እህቷን ያዋረደቻት እሷ ልትሆን ነው። ይህን ለማንም አልነገረችም፣ ለእኔም የነገረችኝ ከሁሉም በኋላ ነው።

በዚሁ መሃል ሰባተኛው አለቃ ተሾሙ። አለቃ ምንተስኖት ይባላሉ፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ሹመቱ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ አከሳቸው። የሺሀረግን አስጠሯት።

«ቦታ የለም» አሉ። «ስድስቱ ሁሉንም ሞልተውታል። ባልጨምር መሐላዬን ማፍረሴ ነው። ብጨምር ያቺ የዜና ልጅ አፏም ሊሸፈን ነው። ምን ይሻለኛል?»

«ወፏ ዓይን የላትም» አለች የሺሀረግ።

አለቃው ተነስተው የቢሯቸውን ቴሌቪዥን ቀርበው አዩ። ራቅ ብለውም አዩ።

«ሃያ ስድስት ዓመት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም አላየም?»

«ሁሉም አይቷል ጌታዬ። የጠየቀ ነው የሌለው።»

አለቃ ምንተስኖት በደስታ እጃቸውን አፋተጉ። ፀሐይም ድልድይም ያስጨመሩት ሁሉ ዕውር ወፍ ሲያስጌጡ ኖረዋል፤ ዓይን የሰጧት እሳቸው ሊሆኑ ነው። ምን ዓይነት ዓይን ይሁን ብለው ጠየቁ።

«እንደ እውነተኛው። ዙሪያውን ቢጫ፣ መሃሉ ብሌን። ብሌን ደግሞ ቀለም አይደለም፣ ቀዳዳ ነው። ከፈለጉ ሐኪም ይጠይቁ።»

እውነትም ሐኪም ዘንድ ደወሉ። ሐኪሙ ቀዳዳ ነው አሉ፤ ምን እንዳመማቸውም ጠየቋቸው።

«ቀዳዳ ለማውጣት ግን መፋቅ አይሆንም ወይ?» አሉ አለቃው ስልኩን እየዘጉ።

«ደብዳቤው ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?»

«ዓይን ይጨመር ተብሎ።»

«እንግዲያው መጨመር ነዋ።»

አለቃው አሰቡ፣ ነገሩ ልክ ሆኖ አገኙት፣ ፈረሙ። ዓይኑ በእሽቅድድሙ ቀን እንዲመረቅም አዘዙ።

የሺሀረግ በማግስቱ ማማው ላይ ወጣች። በካሜራው እያየች የደሴቱን ቦታ በክር ለካች፤ በአጋጣሚ ይሁን በሌላ፣ ደሴቱ የተሸፈነው በትክክል በወፏ ጭንቅላት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የተደራረበውን ቀለም በምላጭ፣ ቀስ እያለች ፋቀችው። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ወጣች። ዙሪያዋን በቢጫ ቀባች፣ በሎሚ ወለወለችና እስከ ምረቃው በወረቀት ሸፈነቻት። በእሽቅድድሙ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዳ እህቷን ታንኳዋ ውስጥ አገኘቻት።

«ዛሬ ደሴቱ ይታያል» አለቻት።

ትርንጎ ትከሻዋን በጨርቅ እያሰረች ነበር። «ድንጋዩም?»

«ድንጋዩም።»

ትርንጎ ቋጠሮውን በጥርሷ ጠበቅ አደረገችና መቅዘፊያዋን አነሳች። የሺሀረግ ፊቷን ብታጠናውም ፍርሃት ይሁን ደስታ መለየት አልቻለችም። ወደ አደባባዩ መጥታ ሱቄ ውስጥ፣ ከጎኔ ቆመች። 

ዳኛ ላቀው ባንዲራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አለቃ ምንተስኖት ንግግር አደረጉ፣ ማማው ላይ ወረቀቱ ተነሳ፣ ወፏ ዓይን አወጣች። ሰው አጨበጨበ። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ወንፊት ያክላል፤ ውስጡ ውሃና አንድ ቀይ ነገር ይታያል። ዓይኑ ቆንጆ ነው ተባባልን፣ ከዚህ ሌላ ያሰብነው ነገር አልነበረም።

ታንኳዎቹ ተነሱ። የላይኛው ሰፈሩ ጎበዜ እንደ ልማዱ ተፈትልኮ ምልክቱ ሥር ገባ፣ ዳኛ ላቀው ባንዲራውን አነሱ፣ የላይኛው ሰፈር እልል አለ። ትርንጎ የገባችው አራተኛ ሆና ነው። ሰው ለምሳ ሊበተን ጀመረ። የሺሀረግ ክንዴን ያዘችኝ፣ እስካሁን የጣቷ አሻራ ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

«ቆይ» አለችኝ። «አንተ አትሂድ።»

«ሱቄ ነው እኮ፣ የት እሄዳለሁ?» አልኳት።

ያኔ ዓይኑ ውስጥ ታንኳ ታየ። ጎበዜ ነው። አንድ ሰው ጮኸ፣ ለመሄድ የተነሳው ሁሉ ዞረ። ጎበዜ ከድንጋዩ ብዙ ርቆ መቅዘፉን አቆመ። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ፣ ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ አወጣና ይቆረጥም ጀመር። ሁለተኛው ደረሰ፣ ከቆሎው ዘገነ። ሦስተኛው ደረሰ፣ እሱም ዘገነ።  ለካ ምልክቱ ሥር ከገቡ በኋላ አንዳቸውም እስከ ድንጋዩ ቀዝፈው አያውቁም። ለምን ይቀዝፋሉ? ያለቀ ውድድር ነው።

ከዚያ የዓይኑ ጠርዝ ላይ የአንድ ታንኳ አፍንጫ ብቅ አለ። ትርንጎ! ምን ዓይነት አቀዛዘፍ መሰላችሁ። ክንዷ ሞቋል፣ ጎንበስ ቀና ስትል ታንኳው ከውሃው ይነሳል። ቆሎ በሚቆረጥሙት መሃል ሰንጥቃ አለፈች፣ አላየቻቸውም፣ እነሱም ቀና ብለው አላዩዋትም፤ ለካ ይህንንም ለምደውታል። እኔ ወንበሬ ላይ ወጥቼ ነበር። እዚያች ወፍ ዓይን ውስጥ ገብቼ ልገፋላት ምንም አልቀረኝ። ደረሰች። ቀዩን ድንጋይ በመዳፏ መታችውና ቀና ብላ በቀጥታ ወደ እኛ አየች።

አደባባዩ ፈነዳ። እኔ እጄ ላይ የነበረውን የሰው ሰዓት ጣልኩት፤ ባለቤቱ ከጎኔ ነበር፣ እሱም ግድ አልሰጠውም። የታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎች እየዘለሉ ነበር። የሺሀረግ ብቻ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

«አሥራ አንድ ዓመት ሳላምናት» አለችኝ። «ገዛ እህቴን።»

ሁሉም ወደ ዳኛ ላቀው ዞረ። ዳኛው መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደንቡን አወጡ፣ አነበቡ።

«አሸናፊው ጎበዜ ነው» አሉ። «ዓይን የምልክቱ አካል ነው። ምልክቱ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ምልክት እንጂ ሥዕል አይደለም። እኔ የምዳኘው ሥዕሉን ነው።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ግን በማግስቱ ጠዋት ገበያተኛው ሐይቁ ዳር ሲወርድ፣ የላይኛው ሰፈር ታንኳዎች ተደርድረው ባዶአቸውን ቆሙ። ሰልፉ በሙሉ ታችኛው ሰፈር ታንኳዎች ፊት ነበር። የታችኛው ሰፈር ሰዎች የማሻገር መብት የለንም ብለው ቢምሉም ሰው እየገባ ተቀመጠባቸው። በሦስተኛው ቀን ጎበዜ ራሱ ትርንጎን አግኝቶ መሬት መሬት እያየ ሰላም አላት። የምልክቱ ሥር ጀግና የሚለውን ስም እንደገና የጠራው የለም።

እዚህ ላይ ባልቅ ደስ ባለኝ። በሳምንቱ ግን አለቃ ምንተስኖት የሺሀረግን በድጋሚ አስጠሯት። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ዳኛ ላቀው እንደወሰኑት፣ ዓይኑ ውስጥ የታየ ነገር ምልክት ነው» አሉ። «ምልክት ደግሞ አይፋቅም። እህትሽ ከታየች ወዲያ ጠፍታለች፣ ይህ መሐላውን መጣስ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ውስጥ የታየውን ትስይዋለሽ። እህትሽ ከነታንኳዋ፣ እጇ ድንጋዩ ላይ ሆኖ፣ ለዘላለም ትታያለች።»

የሺሀረግ እግሯ መሬት አልነካም። ይህን ትርንጎ ራሷ ብትመኝ እንኳ አታገኘውም ነበር። እየሮጠች ሄዳ ነገረቻት። ትርንጎ በረንዳዋ ላይ ነበረች፣ ትከሻዋ ታስሮ።

«ዓይኑን ሞልተሽ ነው የምትስይኝ?» አለች።

«ሞልቼ። አገር ሁሉ በየቀኑ ያይሻል።»

ትርንጎ ደስ ብሏታል፤ እንዳላት የሺሀረግ አይታለች።

«ታዲያ የሚመጣው ዓመት ድንጋዩን የሚነካው ማን እንደሆነ በምን ይታያል?»

የሺሀረግ ይህን አላሰበችውም ነበር።

«እኔን አይተውኛል» አለች ትርንጎ። «አንድ ጊዜ ነው ያልኩሽ፣ አንድ ጊዜ አዩኝ። እኔን ስለሽ ሌላዋን አትጋርጂብኝ፣ እትዬ።»

የሺሀረግ ቤቷ ገብታ የተጻፈላትን ትእዛዝ ደጋግማ አነበበችው። «ዓይኑ ውስጥ የሚታየው ይሳል» ይላል። በማግስቱ ቀለሟንና ብሩሿን ይዛ ማማው ላይ ወጣች። በካሜራው አየች። ዓይኑ ውስጥ የሚታየው ውሃ፣ ደሴትና ቀይ ድንጋይ ነው። አንድ ንጹሕ ጨርቅ ሎሚ አስነክታ ዓይኑን አጥርታ ወለወለችው። ወርዳም ሥራው ማለቁን ፈርማ አስረከበች።

አለቃ ምንተስኖት ቢሯቸው ውስጥ ቴሌቪዥናቸውን ቀርበው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ። ዳኛ ላቀውንም ጠርተው አሳዩ።

«እህትሽስ?» አሉ አለቃው የሺሀረግን።

«ቀዝፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች ጌታዬ። የሚታየውን ነው የሳልኩት።»

«ለነገሩ እንዲህም ይሻላል» አሉ አለቃው። «ግን እንዴት አድርገሽ ነው? ውሃው እኮ ይንቀሳቀሳል።»

«ልምድ ነው» አለች የሺሀረግ።

በዓመቱ እሽቅድድሙ ሲመጣ ትርንጎ ሱቄ በር ላይ፣ ከዳኛ ላቀው ወንበር አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ባንዲራው እንደ ደንቡ ታንኳዎቹ ምልክቱ ጫፍ ሲደርሱ ተነሳ፣ ማንም ግን ዞር ብሎ አላየውም። ሁላችንም ዓይኑ ላይ አፍጥጠናል። አምስቱም ታንኳዎች አንድ ላይ ገቡበት፣ አምስቱም እስከ ድንጋዩ ድረስ ቀዘፉ፤ ቆሎ የያዘ አልነበረም። የቀደመችው ከዚያ በፊት አይተናት የማናውቃት፣ ከአምስቱ ሰፈሮች የአንዱ፣ የማዶ ሰፈር ሴት ናት። ትርንጎ በደህናው እጇ ጭኔን እየመታች ጮኸችላት፣ ጭኔ ሳምንት ሙሉ ሲያመኝ ከረመ።

አለቃ ምንተስኖትም በቢሯቸው ሲያዩ ነበር። በማግስቱ ለየሺሀረግ የምስጋና ደብዳቤ ላኩላት፤ ሳትታዘዝ አምስት ታንኳ በራሷ ተነሳሽነት ስለጨመረች ይላል። ደብዳቤው ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ከቀዩ ድንጋይ በላይ ተሰቅሏል።

እሷ አሁንም ጠዋት ጠዋት ማማው ላይ ትወጣለች። ሎሚና ጨርቅ ይዛ ዓይኑን ትወለውላለች። ምን እየሠራሽ ነው ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካለ፣ እየሳልኩ ነው ትላለች።